አምስተኛው መቆንጠጫ

ውድ ኤሜት፣

ስለ ጤናህ ከመጠየቄ በፊት ክስ አለኝ። የፔርሙዜን ክዳን ይዘህብኝ ሄደሃል። ባለፈው ነሐሴ ዕቃህን ጭነህ ወደ ምዕራብ፣ ወደዚያ እህል ጎተራ ስትሄድ ክዳኑ ከመኪናህ መቀመጫ ሥር ተንከባሎ አብሮህ ሄዷል። ምስክር አለኝ፤ ድመቴ አይታሃለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ በነብራስካ ብርድ ሜዳው ዳር ቆሜ ቡናዬን በቆርቆሮ ጣሳ ነው የምጠጣው። ከንፈሬ ሁለቴ ጣሳው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ተጫዋቾቹ ስለ እኔ ስለ አጎትህ «ላይል ዝም አለ፣ ተአምር ነው» ብለው ሲደሰቱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በስልሳ አንድ ዓመት ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም።

ለገና ደግሞ እናትህ ቤት ሁለት ቀን ሰንብተህ፣ እኔ ዘንድ ብቅ ሳትል ተመለስክ አሉ። በሱ አልከስህም። ለምን እንዳልመጣህ አውቃለሁ። የክዳኑን ነገር ያነሣሁትም ወደሱ ላለመድረስ ነው። ታውቀኛለህ፤ ትልቅ ጉዳይ ቤት ውስጥ በጓሮ በር ካልሆነ መግባት አልችልም።

ትናንት ጠዋት አሰልጣኝ ኩባት ጠራኝ። የኮሌጁን የቤዝቦል ቡድን የዘንድሮ የመቺዎች ተራ ለመደልደል ነው። ቢሮው እንደተውከው ነው። ያው ሽቦ ከመስኮቱ እስከ መደርደሪያው ተወጥሯል፤ እነዚያው የእንጨት የልብስ መቆንጠጫዎች፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ተጫዋች ስም። ዘጠኝ መቆንጠጫ፣ ዘጠኝ መቺ። ማን ቀድሞ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ማን ይከተለዋል? ኩባት አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይሰካል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ያያል፣ ያጉረመርማል፤ እኔ ደግሞ ያልተጠየቅኩትን እናገራለሁ። ረዳት አሰልጣኝም፣ ሣር አጫጅም፣ ጓንት ጠጋኝም የሆነ ሰው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አንደኛ ያደረግነው ከአዮዋ የመጣውን አጭሩን ልጅ ነው። እንደ ጥንቸል ይሮጣል፤ ችግሩ ወዴት እንደሚሮጥ አንዳንዴ ይረሳዋል። ሁለተኛው ኳስ የሚመርጥ ትዕግሥተኛ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥም በሱ ምርጫ የተነሣ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። ሦስተኛውና አራተኛው አላጨቃጨቁንም። ዘጠነኛ ቶቢን ነው። ዛሬም የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ቅርፊቱን ጫማዬ ላይ ይተፋል፤ እጁ ግን ጠንክሯል።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ቆምን። ፊት ካሉት አራቱ መካከል ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሜዳው ውስጥ ባሉት ማረፊያዎች ላይ፣ ቆመው የሚጠብቁትን በምቱ ወደ ቤት አስገብቶ ነጥብ የሚያስቆጥራቸው ያ ሰው ነው። ኩባት ቶቢንን አምጥቶ ሰካ፤ ነቀለ። አንድ አዲስ ተማሪ ሰካ፤ ነቀለ። ሽቦው መሀል ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ቀረ።

«ለዚህ ቦታ የሚሆን አንድ ሰው ነበረን» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «ምን ያደርጋል፤ የራሱን ተራ የማያውቅ ሰው።»

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ምድጃው ላይ እንጨት ጨምሬ ተመለስኩ። ምድጃው እንጨት አላነሰውም ነበር።

ግንቦት ላይ የሆነውን አንተም ታውቃለህ፤ ግን እስከ ዛሬ ማንም በቃል አላወጣውምና ልጻፈው። ያሸነፈ ወደ ፍጻሜው የሚያልፍበት ጨዋታ ነበር። ስምንተኛው ዙር ላይ ሁለት ልጆቻችን አንድ ኳስ ሊይዙ ሲሮጡ ተጋጭተው ወደቁ። ኩባት በሁለቱ መካከል ተንበርክኮ፣ ቀና ሳይል፣ «ኤሜትንና ቶቢንን አስገባ፣ ተራቸውን አንተው አስተካክለው» አለኝ። አንተን አምስተኛ ነህ አልኩህ፤ ቶቢንን ዘጠነኛ። ተጫዋቾች የሚቀመጡበት መጠለያችን ግድግዳ ላይ ባለው ወረቀትም እንደዚያው ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ዳኛው ሄድኩ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲገባ የትኛው በየትኛው ተራ እንደሚመታ ለዳኛው መንገር ግድ ነው፤ የሚጸናውም እሱ የጻፈው ነው።

ዳኛው ሜርል ያን ቀን አዲስ ባርኔጣ አድርጓል፤ ከራሱ ሁለት ቁጥር ያነሰ። እኔ እንዲህ ያለ ባርኔጣ አይቼ ማለፍ እችላለሁ? የልጅ ልጅህ ዛሬ ራሱን በምን ሸፍኖ ወጣ አልኩት። ሳቀ። እኔም በገዛ ቀልዴ ሳቅኩ። እየሳቅኩም ቶቢን አምስተኛ፣ ኤሜት ዘጠነኛ አልኩት። ጻፈው። የሜዳችን ድምፅ ማጉያ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ከሜርልና ከተቃራኒው አሰልጣኝ በቀር የሰማ አልነበረም። እኔ ራሴም አልሰማሁትም። አሁን ግን ሣር ሳጭድም ጥርሴን ስፍቅም ይሰማኛል።

የመጨረሻው ዙር፤ በአንድ ነጥብ ተመርተናል፣ ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጥቶብናል፣ ሦስተኛ ከወጣ አበቃ፣ ሁለት ልጆች ቤዝ ላይ ቆመዋል። አንተ ወጣህ። ያን ምት እስክሞት አልረሳውም፤ ኳሷ የግራውን አጥር ልትልሰው ምንም አልቀራት። ሁለቱም ሮጠው ገቡ። ኩባት እኔን አቀፈኝ፤ ኩባት ሰው ሲያቅፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ የነሱ አሰልጣኝ፣ ያ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካው ቀጭን ሰውዬ፣ የራሱን ወረቀት ይዞ ቀስ እያለ ወደ ሜርል ሄደ። ከተራው ውጭ የመታ ሰው ምቱ ይሰረዛል፤ መምታት የነበረበትም ከጨዋታ እንደወጣ ይቆጠራል። ሰውዬው ስትወጣ አይቶህ ዝም ያለው እስክትመታ ነበር። ሜርል ወረቀቱን ለማንበብ ባርኔጣውን አወለቀ። ተሸነፍን።

መጠለያው ውስጥ ኩባት «አምስተኛ ነህ ያለህ ማነው?» ብሎ ጠየቀህ። አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ።

«ማንም» አልክ። «እኔ ነኝ የተምታታብኝ።»

ሦስት አውራጃ በወሬው የሚያውቀው አጎትህ ድዳ ሆነ። ወረቀቱንም ከግድግዳው ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። እሱንም አይተሃል። በማግሥቱ ልጆቹ የልብስ ሣጥንህ ላይ ትልቅ ዘጠኝ ቁጥር በጠመኔ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ስምህ ዘጠኝ ሆኖ ቀረ። ሳቅክላቸው። ነሐሴ ሲመጣ ግን ጎተራው ይሻለኛል ብለህ ሄድክ፤ ሰው ሁሉ ሥራ ፍለጋ መሰለው።

ተራውን የማያውቅ፣ አንተ! የጨዋታውን ደንብ ትራክተር ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ለራሴ ስማር፣ ጭኔ ላይ ሆነህ ገጹን የምትገልጥልኝ አንተ ነበርክ። መጀመሪያ ያስተማርኩህ ወረቀቱን ሳታይ አትውጣ የሚለውን ነው። ያን ቀንም አይተህ ነው የወጣኸው። አንተ ያልኩህን አደረግክ፤ ያልኩህን ያላደረግኩት እኔ ነኝ።

ትናንት እንግዲህ ኩባት እንደዚያ ሲል እንደ ልማዴ ቀልጄ ላልፍ አፌን ከፈትኩ። ቀልዱ አልመጣም።

«ተራውን ያውቅ ነበር» አልኩት። «አምስተኛ ነህ ያልኩት እኔ ነኝ። ለሜርል ገልብጬ የነገርኩትም እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከኪስ ቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ስምንት ወር ሙሉ» አለ።

«ከአሥራ አንድ ቀን።»

«ቆጥረሃላ።»

«ሣሩ በረዶ ለብሷል፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

አልሳቀም። መሳቢያውን ከፈተ። ልማዱን ታውቃለህ፤ ቡድኑን የለቀቀ ተጫዋች ስሙ በሰንጢ ይፋቅና መቆንጠጫው ለአዲስ ልጅ ይሰጣል። የአንተን አወጣው። ስምህ እንዳለ ነው። ለምን አልፋቅከውም ስለው «ሰንጢው ደንዞ ነው» አለኝ። በዚያው ሰንጢ ጠዋት ፖም ሲልጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ አምስተኛው ቦታ ላይ ሰካው፤ ስሙን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«እሱ ራሱ መጥቶ ያዙረው» አለ።

ቅጣቴንም ተቀበልኩ። ሰኞ ልምምድ ላይ በሁሉም ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ከእንግዲህ ከዳኛ ጋር አልነጋገርም፣ ስለ አየሩም ቢሆን። ስልክ ልደውልለት ስለው፣ «አይሆንም፣ ስልክ ላይ ትቀልዳለህ፣ ጻፍለት» አለኝ። እንደምታየው ስጽፍም እቀልዳለሁ፤ አትንገርብኝ።

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ኤሜት።

ያቺን መስመር ለብቻዋ ተውኳት፤ ምንም እንዳልጨምርባት እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የኮሌጁ ምዝገባ የፊታችን ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋል። የቀረህ የመጫወቻ ዓመት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ዓርብ ካለፈ አለፈ። ና አልልህም፤ ና የማለት መብቴን ግንቦት ላይ ከወረቀቱ ጋር ኪሴ ከትቼዋለሁ። ጎተራው ተስማምቶህ ከሆነ እሰየው። ብትመጣም ብትቀርም «ዘጠኝ» የሚለው ስም ከሰኞ ልምምድ በኋላ የእኔ ይሆናል።

የጓንት መደርደሪያዬን ግን ታስታውሰዋለህ። የጨዋታ ወቅት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች ጓንቱን ያመጣልኛል፤ ጠፍሩን አጠብቃለሁ፣ ቆዳውን በዘይት አሻለሁ። የማይጫወት አያመጣም። እስካሁን ሃያ ሁለት ጓንት ተደርድሯል። በአንተ ቦታ ድመቷ ተኝታበታለች፤ አላስነሣኋትም፣ ምን ብዬ…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ በረዶ ማን ይመጣል? በመስኮት የሚታየኝ የእናትህ መኪና ነው። እኅቴ ኖሪን እኮ መንገዱ ተጠርጎ፣ ጨው ተነስንሶ፣ ጎረቤት ቀድሞ ካልነዳበት ከቤቷ ንቅንቅ የማትል ሴት ናት። ልክፈትላት።

ገባች። በረንዳህን አልጠረግክም ብላ እየተቆጣችኝ ነው። ብብቷ ሥር የወረቀት ከረጢት ይዛለች።

«ልጁ ለገና መጥቶ ሲመለስ የሰጠኝ ነው» አለችኝ። «በረዶው መንገዱን ስለዘጋብኝ ከረጢቱ ሦስት ሳምንት እኔ ጋ ተቀመጠ። ጠፍሩ ላልቷልና አጥብቅልኝ በይው ብሏል።»

ጓንትህ ነው፣ ኤሜት። ለገና ነው የላክኸው፤ እኔ አፌን ከመክፈቴ ከሦስት ሳምንት በፊት። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ደግሞ አንድ ጠንካራ ነገር ነካኝ። የፔርሙዜ ክዳን።

ክሱን አንሥቻለሁ። ድመቷም ተነሥታለች። ደብዳቤውን እናትህ ትወስድልኛለች፤ እኔ ለጠፍሩ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል፣ ዓርብም ሩቅ አይደለም።

አፉን ዘግቶ የሚሰፋው አጎትህ፣
ላይል