የእናቴ በርሚል

መቐለ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ከእናቴ የወረስኩት፣ እሷ «ሙሽራዬ» የምትለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ሊሞትብኝ ነው። ቅጠሉ ከጫፉ እየደረቀ፣ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮበታል። ዛሬ አንድ ቅጠል ቆርጬ ሓድነት ሰፈር ላለው ችግኝ ሻጭ አሳየሁት።

«ስሙን አላውቀውም፤ በሽታውን ግን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ይከብደዋል። እናትዎ በምን ውሃ ነበር የሚያጠጡት?»

ያኔ በርሚሉ ትዝ አለኝ። እናቴ የጣሪያውን ዝናብ የምታጠራቅምበት የዛገ በርሚል! ከአርባዋ ማግስት ዕቃ ስንካፈል እህቴ ለታይ «ተክሎቹን በሙሉ አንቺ ውሰጂ፤ ለእኔ በርሚሉ ይበቃኛል» ስትል፣ ደግነቷ አስለቅሶኝ ነበር። እኔ እናቴ እስክትሞት ደሴ ትዳር ላይ ስለኖርኩ የቤቱን ነገር አላውቅም። እሷ ግን ታውቃለች።

በቀጥታ ቤቷ ሄድኩ። በርሚሉ ከአሸንዳው ሥር ጢም ብሎ ሞልቷል። መስኮቷ ላይ ከሙሽራዬ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለምልሞ ቆሟል። መቼ ቆረጠችው?

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ፣ ሓፍተይ?» አለች፣ በትግርኛ «እህቴ» ብላኝ፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች። «እናታችን ስትታመምስ መቼ ጠየቅሽ?»

በየወሩ እደውል ነበር እኮ! እሷ ጀሪካን ሞልታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ጥዬው መውጣት ነበረብኝ። ይኸው ተሸክሜው መጥቼ ተክሉን አጠጣሁት። ለሳምንት ይበቃል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ዝናብ የማጠራቅምበት ጣሪያ የለኝም። ከዚያ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ይዤ ደጇ መቆም ነው።