እንቁ ዐይኗን ያነሣች ዕለት

ውዴ አድማሱ፣

በሞት ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው የሰግድ በዓል አለፈ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው። የዕለት ማስታወሻዬን ስጽፍ «ደግሞ ዛሬ ምን ተገኘ?» እያልህ ትስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ የተገኘው ብዙ ስለሆነ ላንተው እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ሱቁ አሁንም ሻዓራይም ሰፈር ነው፣ እዚያው ጥጉ ላይ። በርበሬውም ጤፉም ነጠላውም ይሸጣል። አባትህ፣ አባባ፣ ደግሞ ጠቅልለው ኦሺዮት ሰፈር እኛ ቤት ገብተዋል። ወንበርህን ወርሰውታል። ሊፍቱን ግን ዛሬም አያምኑትም፤ እኔና እንቁ ላይ ደርሰን በር ከፍተን ስንጠብቃቸው፣ እሳቸው በደረጃ እያረፉ ይመጣሉ።

ያስጨነቀችኝ እንቁ ነበረች። አንተ ከሄድህ በኋላ የልጃችን ድምፅ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት አመጣች። ሐኪሙ ምንም የለባትም አለኝ። እኔም ነጋዴ ነኝና ነገሩን አጤንሁት፤ ሆዷ ሰንበት አያማትም፣ በበዓልም አያማትም። ሕመሙ የትምህርት ቀን ለይቶ የሚያውቅ ከሆነ መድኃኒቱም እዚያው ነው ያለው አልሁና አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆምሁ።

አየሁ። ኒር የሚባል የክፍሏ ልጅ ቦርሳዋን ቀምቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይቀባበሉባታል። «ሽትቃኒት! ሽትቃኒት!» ይሏታል፤ በዕብራይስጥ ዝምተኛዋ ማለታቸው ነው። «ምነው፣ ከኢትዮጵያ ስትመጡ ምላስ አላመጣችሁም?» ይላታል ኒር። እዚሁ ረሆቮት ከተማ መወለዷን እንኳ አያውቅም። እሷ ጫማዋን እያየች ደወሉን ትጠብቃለች።

ደሜ ፈላ፤ ግን አጥሩን አልፌ አልገባሁም። ዛሬ እኔ ባስጥላት ነገ ማን ያስጥላታል? አስተማሪዋን ባነጋግር «ልጅሽ ካልነገረችን እንዴት እናውቃለን?» አለችኝ። ይህም ውሸት አይደለም።

ከሱቃችን ጀርባ ራሐሚም የሚባል የሰፈሩ ሰው ልጆችን ጁዶ የሚባለውን የጃፓን ትግል ያስተምራል። ሄጄ ጠየቅሁት። «ድብድብ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ሂጂ፤ እኔ መውደቅና መቆም ነው የማስተምረው» አለኝ። የሌለውን የማይሸጥ ሰው እወዳለሁ። አስመዘገብኋት።

በመጀመሪያው ሳምንት አባባ ሊያዩ መጡ። ግድግዳው ላይ ጁዶን የጀመረው ጃፓናዊ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ተሰለፉና ወደ ፎቶግራፉ ዞረው እጅ ነሡ። አባባ በበትራቸው ወለሉን መቱት። «ለሥዕል! የልጄ ልጅ ለሥዕል ትሰግድ? ያን ሁሉ መከራ አልፈን የመጣነው ለዚህ ነው?» ብለው እንቁን በባዶ እግሯ እየጎተቱ ወጡ። ልጅቱ እያለቀሰች «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። በቃ፣ ይህም በር ተዘጋ ብዬ ነበር።

አባባን አልተከራከርኋቸውም፤ በሃይማኖታቸው ማን ይገባል? ወደ ራሐሚም ተመለስሁና ዋጋ እንደምስማማ ሁሉ ተስማማሁ። ፎቶው ወደ መግቢያው ይዛወር፤ ልጆቹም እርስ በርሳቸው እጅ ይንሡ። ራሐሚም ራሱን እያከከ ሳቀ። «ቤሰደር፣ እሺ፤ አያቴም በሕይወት ቢኖሩ እንዲሁ ነበር የሚጮኹብኝ» አለ። አባባ «ራሴ ካላየሁ አላምንም» ብለው መጡ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀሩም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አወዳደቅ ያርማሉ።

እንቁ መውደቁን ቶሎ ተማረችው። ራሐሚም «ዐይኔን እያየሽ ‹ተወኝ!› በይ» ሲላት ግን አንገቷን ትደፋለች፤ ድምፅዋም አይሰማም። «ፈሪ ናት» አለኝ። ፈሪስ አይደለችም። ትልቅ ሰው ፊት ዐይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እያልን ያሳደግናት እኛ ነን። ልጅህ ለዚያ ለኒርም እንደ ሽማግሌ ዐይኗን ትሰብርለት ኖሯል! ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ዐይንሽን አንሺ ብዬ እኔ ብነግራት ከአያቷ ላጋጫት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ቢሉት ይሻላል ብዬ ለአባባ ነገርኋቸው። እሳቸውም ጠሯት።

«ነይ የኔ ልጅ፤ እኔን ስታይ ዐይንሽን ብትሰብሪ ክብሬ ነው። ያ ባለጌ ግን ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥር።»

«አሥር! ታዲያ የትኛውን ሽበቱን ነው የምታከብሪለት? ቀና ብለሽ እይው!»

«በይ በእኔ ተለማመጂ» ቢሏት ግን እንዴት አድርጋ! አያቷ ናቸው። ስለዚህ ሱቅ ወሰድኋት። እኔ ዋጋ ስናገር ዐይኔን ከደንበኛው ላይ እንደማላነሣ ታውቃለህ። አጠገቤ ቆማ እንደኔው ስትል ሰነበተች። አንድ ቀን ያቺን ክርክር የማይሰለቻትን ደንበኛዬን ቀና ብላ «የመጨረሻው ነው!» ብትላት፣ ሴትዮዋ ደንግጣ ያለ አንዲት ቃል ገዝታ ሄደች። ያላ፣ እንግዲህ ይህች ልጅ ደርሳለች አልሁ።

የቀረውን በስልክ የነገረችኝ አስተማሪዋ ናት። ኒር እንደ ልማዱ ቦርሳዋን ያዘ። እንቁ ማንገቻውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይን ዐይኑን እያየች «ተወው! ቦርሳዬ ነው!» አለች። ግቢው ሁሉ ዞረ። ኒር አፍሮ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። እሷ መልሳ አልጎተተችም፤ እንደተማረችው ወደ ሳበበት አብራው ተራመደች። በገዛ ጉልበቱ ቂጡ ላይ ቁጭ! ጭንቅላቱ እንዳይመታ እጅጌውን ይዛለት ነበር። ከዚያም፣ ልማድ ሆኖባት፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ይህን ጊዜ የሳቁት በእሷ አልነበረም።

ኒር ወዳጇ አልሆነም፤ ይሁን፣ ቦርሳዋን አይነካም። ጠዋት ከእኔ ቀድማ በር ላይ ናት። አባባ ታሪኩን ለሽማግሌዎቹ ባወሩት ቁጥር ልጁን ያስረዝሙታል፤ አሁን ቁመቱ በር አያስገባውም።

ትናንት ደግሞ አስተማሪዋ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ቤተሰቡ ሰው የሚናገር ማን ነው ስትል፣ ቀድማ እጇን ያወጣች ልጅህ ናት። አንተን መርጣለች። ከትናንት ጀምሮ ትጠይቀኛለች፤ አባዬን ምን ያስቀው ነበር? ሲቆጣስ? የባቡሩን ሰዓት ጠንቅቀህ እያወቅህ ወደ ጣቢያው በሩጫ እንጂ በእርጋታ ደርሰህ እንደማታውቅ ነገርኋት። ልጅነትህን ስትጠይቀኝ ግን እሱን የሚያውቁት አባባ ናቸውና ወደ እሳቸው ላክኋት። ሁለቱም ሲስቁ ከማዕድ ቤት ሰማኋቸው።

አድማሱ፣ ቃል የምገባልህ ይህን ነው። የማውቀውን አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ፤ የማላውቀውን ከሚያውቁ ጠይቄ እነግራታለሁ። ስምህ ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ አይነሣም። እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ትምህርት ሲጀመር፣ ልጅህ ክፍሉ ፊት ቀና ብላ በሙሉ ድምፅ ትጠራዋለች፤ እኔና አባባም ከኋላ ቆመን እንሰማለን።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ