የስድስት ሰው ሥራ

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ሳልዎስ ተወዎት ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ቤቱን ይቀሰቅሳል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፌም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ቆሜ ማለም የሚባል አዲስ አመል አውጥቻለሁ።

ጥያቄዎ ደርሶኛል። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችሁ ሰብስቧችሁ፣ እኔ ያለሁበት አገር ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ የእናንተን የስድስት ሰው ሥራ ይሠራል አላችሁ። ባሻ ዝምታም፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ጓደኛዎ፣ ስድስት እጅ አላቸው ወይ ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እርስዎ ግን አልሳቁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰነፍ ነበርኩ ወይ እያሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ። አሁን አዲሱ ማሽን ሊገባ ነው፤ ከስድስታችሁ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት ተብሏል። በስብሰባው ላይ ልጄ ያየችውን እናገራለሁ ማለትዎንም አነበብኩ።

አባባ፣ የተባለው እውነት ነው። ያቺ አንድ ሠራተኛ እኔው ነኝ። እጄን ቢያዩት ግን ከእርስዎ እጅ ይልቅ ሥራ የፈታው የእኔ ነው። ክሩን የሚቀጥለው ማሽኑ ራሱ ነው። አዳራሹ ሁልጊዜ እርጥበት ስላለው ክሩም በትንሽ በትልቁ አይበጠስም። መብራት አይጠፋም፤ መለዋወጫ ነገ ይመጣል እየተባለ ወር አይጠበቅም። የእኔ ሥራ ከጫፍ ጫፍ መመላለስና ቀይ መብራት ሲበራ መድረስ ነው። የጥጡ ብናኝ ከላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እኔም ከሥሩ እሄዳለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ የማን አዳራሽ ውስጥ እንዳለሁ ይጠፋኛል። አንዳንዴ ከማሽኖቹ ጀርባ እርስዎን ጎንበስ ብለው ክር ሲቀጥሉ አያለሁ። አልደነግጥም። እንዳልረብሽዎ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ሠራሁ። ቀይ መብራቱ ሲበራ፣ እንደ ድሮው እናንተ ጋ የምሠራ መስሎኝ አጨበጨብኩ። እኛ ጋ የተበጠሰ ክር ያየ ሰው ያጨበጭብ የለ፣ ቅርብ ያለው ሮጦ እንዲቀጥለው? ማሽኑማ ምን ገዶት። ቀና ያሉት ከአዳራሹ ጥግ የብርድ ልብስ ጠርዝ የሚቆርጡት አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ እኔ በልቤ እማማ መቀስ ነው የምላቸው። ሥራቸውን ትተው ያንን ሁሉ መንገድ እያነከሱ መጡና ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ አሉኝ። ለካ በወጣትነታቸው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ማሽን ላይ ስድስት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ክር ሲበጠስም ያጨበጭቡ ነበር። ያኔ እነሱም ከሌላ አገር ሠራተኛ ጋር እየተነጻጸሩ ሰነፎች ይባሉ እንደነበር ሲነግሩኝ አብረን ሳቅን። ከዚያ ማሽኑ በአዲስ በተተካ ቁጥር ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ሄዱ፤ እሳቸው ቀሩ። ጎበዝ ስለነበርኩ ነው የቀረሁት አሉኝ፣ መርዶ እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስለዚህ አባባ፣ ስንፍና የሚባለውን ነገር ከልብዎ ያውጡት። እናንተ ዛሬ የቆማችሁበት፣ እነዚህም ትናንት ቆመውበት ነበር። ማሽኑንም አይቃወሙ፤ ወገብዎ ያርፋል፤ ደግሞም የሚመጣ ነገር መምጣቱ አይቀርም። አንድ ሰው ይበቃል ሲሏችሁ ግን፣ ለማሽኑ ይበቃል፣ ለሰውየው አይበቃም ይበሏቸው። እኔ የስድስት ሰው ሥራ እሠራለሁ፤ የስድስት ሰው ጨዋታ ግን የለኝም። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳልተነፍስ እውልና የክፍሌን በር ስከፍት ለራሴ ደህና ዋልሽ እላለሁ። ስድስታችሁም ማሽኑን ተማሩት፤ በፈረቃ ይደልድሏችሁ፤ ለተረፈውም ሌላ ክፍል ይፈለግለት። እርስዎን ብቻ እናስቀር ካሉ እሺ አይበሉ። የቤቱ ምሰሶ እርስዎ ስለሆኑ ይህን ስጽፍ እፈራለሁ። ልጅዎ ያየችው ግን ይህንን ነው።

እማማን ደጋግመው ይሳሙልኝ። አክስቴን ከነቁጣዋ ናፍቃኛለች ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴን ደግሞ ቀሚሴን መልበስሽን ሰምቻለሁ፣ ብቻ እንዳታሰፊው ይበሉልኝ። ባሻ ዝምታንና አራቱን ጓደኞችዎን በየስማቸው እየጠሩ ሰላም ይበሉልኝ። የእነሱን ሰላምታ ግን አደራ ከስብሰባው በፊት ያድርሱልኝ፤ አሁን ገና ሳይበተኑ ሁሉንም አንድ ቦታ ያገኟቸዋል።

ልጅዎ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን