ማሳረፉ የማን ነው?

ጥቅምት 29

ከበረራ መልስ። የማደሪያው አሳንሰር ዛሬም አይሠራም። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በደረጃ ወጣሁ። አብራኝ የምትኖረው ጥጥ ወጥ ቤት ቆማ ቲማቲም ትከትፋለች፤ ከላይ የተተኮሰ የደንብ ልብስ፣ ከታች ፒጃማ።

«ማን አሳረፈ?»

የእኔና የሷ ሰላምታ ይሄ ነው።

«እኔ።»

«እንዴት ነበር?»

«የተኛ ተሳፋሪ አልነቃም።»

ሳቀች። ጥጥ የሚለውን ስም ያወጣንላት በረራ ትምህርት ቤት ሳለን ነው። ስታሳርፍ ጎማው መሬት መንካቱ አይሰማም። ጠባይዋም እንደዚያው... ሲጫኗት ትሰረጉዳለች። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ኅዳር 3

በሠራተኛ አውቶቡስ ከዋናው ጣቢያ የመጣ ረዳት አብራሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ያው እንደኔ ረዳት፣ ያው አውሮፕላን።

«ጉንፋን ይዞኝ ሳምንት ሙሉ ተኝቼ ነበር» አለ።

«ደመወዝህስ?»

«ደመወዜ ምን ሆነ?»

ጥያቄው እራሱ አልገባውም! አስረዳሁት። እዚህ ጣቢያ ያለነው በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል የመጣን ነን፣ የሚከፈለን በበረርነው ሰዓት ብቻ ነው አልኩት። እናንተ ስትታመሙ እየተከፈላችሁ ትተኛላችሁ፤ እኛ ስንታመም እንታመማለን፣ በቃ። ቤት እንኳ የሚከራይላችሁ ጣቢያ አለ አሉ።

«አይ፣ ያሳዝናል» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ኅዳር 7

የጣቢያው ስብሰባ። አለቃው ስለ ሰዓት ማክበር ሲያወራ ቆይቶ «ጥያቄ?» አለ። ማንም ጠይቆ አያውቅም። እጄን አነሳሁ።

«አንድ አውሮፕላን ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ አንዱ ሲታመም ይከፈለዋል፣ አንዱ አይከፈለውም። ሳል ይዞት የሚበር ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ተሳፋሪው ይሄን ያውቃል?»

አለቃው ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው ያስፈራኝ።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ። ምላስሽ ግን ከክንፍሽ ይረዝማል።»

ሁሉም ሳቀ። ጥጥም ሳቀች። ያልሳቀው ጋሼ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ካፒቴን። እሱም እንደኛው በአስቀጣሪ የመጣ ነው፣ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። መሬት መሬት ያይ ነበር።

እናቴ ደወለች። ነገርኳት። «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አለች። እማ፣ እኔ እነቅዛለሁ።

ኅዳር 16

መውረድ ልጀምር እጄን መሪው ላይ ሳደርግ ካፒቴኑ «ዛሬ ነፋስ አለ፣ እኔ ልውሰደው» አለ። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ኅዳር 28

ሌላ ካፒቴን። «ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች፣ እኔ ላሳርፍ።» ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ደግሞ ምክንያት እንኳ አልሰጡኝም። «የኔ ነው» ብቻ።

ታኅሣሥ 12

ጋሼ የመኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቀኝ። ግራ ቀኙን አየ። ትልቅ ሰው እንደ ሌባ ሲገላመጥ ማየት ያሳፍራል።

«ልጄ፣ ማሳረፍ እንዳይሰጥሽ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ማን ይላል ታዲያ?»

አሁን ገባኝ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በገዛ እጁ ያላሳረፈ አብራሪ መብረር አይችልም። ሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ያለው የበረራ መለማመጃ ማሽን ውስጥ፣ ገብቶ እንደገና መፈተን አለበት። የዋናው ጣቢያ ሰው ድርጅቱ ይከፍልለታል። የእኛ ጣቢያ ሰው ከኪሱ። ያንን እኔ ከየት አመጣለሁ? እንዴት ያለ ንጹሕ ግድያ ነው! ማንም አላባረረኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። «ነፋስ አለ» ብቻ።

በሦስት ወሩ ውስጥ ያሉኝ ሦስት ናቸው፤ የጥቅምት መጀመሪያው ጥር ስምንት ላይ ይቃጠላል፣ የጥቅምት መጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ። እስከዚያ አንድ ካላገኘሁ...

«አንተስ ጋሼ? ከኔ ጋር ስትመደብ ትሰጠኛለህ?»

የመኪናውን ቁልፍ ሲፈልግ ቆየ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 20

ጥጥ በዚህ ወር ከማንም የበለጠ አሳርፋለች።

«የኔን ነው የሚሰጡሽ» አልኳት።

«ሲሰጡኝ እምቢ ልበል?»

«አዎ!»

«አንቺ ስለተናገርሽ እኔ ለምን እራባለሁ? ተናገሪ ብዬሻለሁ?»

«ስትስቂብኝ አይቼሻለሁ።»

«ሁሉም ሳቀ።»

«ሁሉም ከኔ ጋር ቲማቲም አይበላም!»

በሯን ዘጋች። ማታ ግን ሸሚዜን ተኩሳ በሬ ላይ ሰቅላልኛለች። ምን ልበላት? ለበስኩት።

ጥር 5

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት...

ከጋሼ ጋር ተመደብኩ፤ ደርሶ መልስ። ከጥር ስምንት በፊት ያለኝ የመጨረሻ በረራ። ጋሼ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ ላብ። ታመሃል አልኩት።

«ብታመምስ? ማን ይከፍለኛል?» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እዚያው «አትብረር» ማለት ነበረብኝ። ማሳረፉን ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት? ...አዎ፣ ፈልጌ ነው።

የመሄጃውን እሱ ያሳርፍ ጀመር። ከፍታው በዛ፣ ፍጥነቱ በዛ። ነገርኩት። አልሰማኝም። ደገምኩለት። ማኮብኮቢያው እየመጣ ነው፣ እሱ እንደ ሐውልት ፈዟል።

«ጎ አራውንድ!» አልኩ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከሁለታችን አንዱ ይህን ካለ አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ክርክር የለም። ጋሼ አላነሳውም። ማኮብኮቢያውን አጋምሰን መሬት ነካን። ፍሬኑ ጮኸ፣ ከኋላ ሕፃን አለቀሰ። የቆምነው ጫፍ ላይ ነው፤ ሣሩ ፊት ለፊቴ ይታየኝ ነበር።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እጁን እጄ ላይ አደረገ። ያቃጥላል።

«የመልሱን አንቺ አሳርፊው። አለቃው ያለውን ይበል።»

«ጋሼ፣ ይሄ መጻፍ አለበት።»

«አውቃለሁ... ግን የመልሱ ያንቺ ነው፣ እሺ?»

እንዳይበር ጠየቅሁት። ሌላ ሰው የለም፣ ተሳፋሪው ይጠብቃል አለ። ሙሉውን እኔ አበረርኩ፣ እኔ አሳረፍኩ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ አሳርፌ አላውቅም። ጋሼ ተርሚናሉ ድረስ ሻንጣዬን ያዘልኝ።

ጥር 6

ጻፍኩት። ሁሉንም። ጎ አራውንድ ተብሎ አለማንሳቱን። መታመሙን። ለምን ታሞ እንደሚበርም አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ታሞ እያየሁት ተመልሼ አብሬው መብረሬንም ጻፍኩ። ለድርጅቱም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ላክሁ። አንዴ ከተላከ አይመለስም።

የምጽፍበት አለቃው ቢሆን ኖሮ እየዘፈንኩ እጽፈው ነበር።

ጥር 12

አለቃው አስጠራኝ። ውሃ ቀዳልኝ።

«አሁን ሥርዓት ገባሽ። አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ሕመሙን ለማንም አልተናገረም ብለሽ ጨምሪበት። ያንቺን ጥፋት እኔ አበርድልሻለሁ።»

«ለኔ ተናግሯል። ለእርስዎም በዚያ ስብሰባ እኔ ተናግሬያለሁ።»

«የሱን ኮንትራት እኮ ሰርዘነዋል። ለማን ብለሽ ነው?»

ዋናው ጣቢያ ባለፈው ዓመት እንዲሁ ያደረገ ካፒቴን ነበር። ሲሙሌተር ገባ፣ እየተከፈለው ተለማመደ፣ ተመለሰ። ዛሬም ይበራል። የጋሼን በአንድ ቀን ቀደዱት። ይህንንም እጽፈዋለሁ አልኩት።

«ውጪ» አለ። ውሃውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ጥር 15

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። አየችኝ... ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ «ያችው ልጅ መጥታለች» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። እቃው በካርቶን ታሽጓል። ግቢ የሚለኝ ጠፍቶ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«የጻፍሽውን አነበቡልኝ» አለ ጋሼ። «አንድም ቃል አልዋሸሽም።»

«ጋሼ...»

«እኔ ብሆንም እጽፈው ነበር። ድሮ፣ እንዳንቺ ሳለሁ።» ሳቀ፣ ሳለ። «በይ ሂጂ። ጋሼ ግን አትበይኝ። ከዛሬ ወዲያ አትበይኝ።»

ሚስቱ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ጥር 19

ሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ይመቸኛል፤ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።

ጥር 25

ጥጥ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጥ ቤት ስትገባ ግድግዳ ትደገፋለች። ግንባሯን ነካሁት። እሳት።

«አትበሪም።»

«ተይኝ።»

«አትበሪም አልኩሽ።»

«የቤት ኪራይ አንቺ ትከፍዪልኛለሽ?»

«ብትበሪ እጽፍብሻለሁ።»

ቆማ አየችኝ። የቀለድኩ መስሏት ከንፈሬ ፈገግ እስኪል ጠበቀች። ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔን?»

«አንቺን።»

ክራቫቷን ፈታች። ጣቶቿ እምቢ ስላሏት ቆየባት፤ ላግዝሽ ብል እጄን ገፋችው። ከዚያ ደወለች። «አሞኛል፣ አልበርም» አለች። ከዚህ ጣቢያ ይህን ቃል በስልክ ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ሰው ጥጥ ናት። ስልኩን ዘጋችና፣ «ጋሼን ገደልሽ፣ አሁን እኔን። ደስ ይበልሽ» ብላ ክፍሏ ገባች። ቆለፈች።

ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ። ከምደባ ክፍል። ሰው ጎድሎናል፣ ተነሺ። የጥጥ በረራ። የጥጥ ሰዓት፣ የጥጥ ደመወዝ። በሯ ላይ ቆሜ ልነግራት አሰብኩ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰምታለች። ለበስኩ።

ካፒቴኑ ያ «ነፋስ አለ» ያለኝ ሰው ነበር። ደህና አደርሽ አላለኝም። የበረራውን ወረቀት አገላበጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። ውጭ ነፋሱ የምር ነበር፤ የነፋስ ማሳያው ከረጢት ቀጥ ብሎ ተወጥሯል።

«ማሳረፉን አንቺ ውሰጂው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ወሰድኩት።