ዲፓርትመንቴን አንቺ ሙይልኝ

ሮሐ፣
ምስሩ ድስት ውስጥ አለ፣ አሙቂው። ውሃ ከመጣ በጀሪካኖቹ ቅጂ።
እኔ ሳጉሬ፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ስልኬን አጥፍቻለሁ።

የዲፓርትመንት ምርጫ ዛሬ ማታ ይዘጋል። ፓስወርዴን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ሙይልኝ።

በየክፍሉ እየሾለክን ሌክቸር የሰማነው እኔ እንድመርጥ ነበር። ሕጉም አካውንቲንጉም እዚያው ቁጭ ብዬ ስሰማው ደስ ይለኛል፤ በሩን ስወጣ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

አንቺ ግን የእንስሳት ሕክምና ክፍል፣ መምህሩ ስለ ላም ጨጓራ ሲያስረዳ ክንዴን ይዘሽ ሳቅሽ። ያኔውኑ እንደመረጥሽ ገባኝ። ከዚያ በኋላ አብረሽኝ የዞርሽው ብቻዬን እንዳልቀር ነው።
ያን ቀን ለምን እንዳኮረፍኩ ጠይቀሽኝ ነበር።

የፈለግሽውን ሙይልኝ። ብቻ ያንቺን፣ የእንስሳት ሕክምናን እንዳትሞይብኝ። አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ሳልስቅ እንድታዪኝ አልፈልግም።

ሄለን