የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ የወይዘሮ ጋዲሴ ዋቅጅራ ሕይወት

ወይዘሮ ጋዲሴ ዋቅጅራ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅጅራ ቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ በዳኔ በ1957 ዓ.ም. ወንጂ ተወለዱ። አባታቸው የሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። አንደኛ ደረጃን እዚያው ወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን አዳማ ተምረው በ1975 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈተኑ። ሌላው ትምህርት ሁሉ መጥቶላቸው እንግሊዝኛ ጣላቸው። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ምኞታቸውም በዚያው ቀረ፤ ወይም ለእኛ የቀረ መስሎን ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሹፌሩ ከአቶ አምባዬ ተክሌ ጋር ትዳር መሥርተው ሚልካን፣ ገመቹንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትን እኔን ዱሬቲን ወለዱ። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያስመጡ በአዳማ ገበያ በጅምላ እያከፋፈሉ አሳደጉን። ሚዛናቸው የታመነ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ነጋዴ ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም. እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሱፊያን የሚባል የሁሩታ ልጅ የእንግሊዝኛ አስጠኚ አድርገው ቀጠሩልኝ። እሱ ሲያስጠናኝ እናታችን ከመጋረጃው ወዲያ ሽንኩርት ይለቅማሉ። አንድ ቀን እኔን ቢጠይቀኝ፣ መልሱ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ሱፊያን ደንግጦ “ማነው?” ሲል፣ “እኔ ነኝ ልጄ፣ ሥራህን ቀጥል” አሉት። በሳምንቱ ወንበራቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ አፍሬባቸው ነበር። ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም ሱፊያን መምጣቱን አልተወም። ጎረቤት “ልጅቷ ገብታለች፤ አስጠኚው ማንን ነው የሚያስጠናው?” እያለ ሲያማ፣ እሳቸው የማታ ትምህርት ተመዝግበው ነበር። አዳዲስ ቃላትን በሽንኩርቱ ኬሻ ላይ በከሰል ስለሚጽፉ፣ ወዛደሮቹ ሳይቀሩ እንግሊዝኛ ለመዱ።

በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየታደረ የሚሰጥ ሆነ። አባታችን የእናታችንን ብርድ ልብስ በአይሱዙው ጭነው እስከ በሩ አደረሷቸው። ጥበቃው “አባባ፣ ተፈታኟ ልጅ የታለች?” ቢላቸው፣ ሚስታቸውን እያሳዩ “ልጅቷ ይህችውልህ!” አሉት። እናታችን መኝታ ክፍሉ ሲደርሱ ደግሞ ልጃገረዶቹ ተቆጣጣሪ የመጡ መስሏቸው ብድግ አሉ። ያ ዓመት ስንቱ ጎበዝ የወደቀበት ዓመት ነበር፤ እናታችን ግን አለፉ! ከሁሉም የበለጠ ያመጡትም በዚያው አርባ ዓመት ባስቀራቸው በእንግሊዝኛ ነበር። ገበያው በእልልታ ተናጋ። የውጭ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ገብተውም፣ ለፈረንሳይኛው ሌላ አስጠኚ ቀጠሩ።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ እንደ ተለመደው አልጋው ግርጌ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲማከሩ፣ እናታችን በዚያው በእንግሊዝኛ አቋርጠው “ስንት ጊዜ ቀረኝ?” ብለው ጠየቁ። ሐኪሞቹ ክው አሉ። በአገራችን እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚው መጨረሻ ነው የሚደርሰው፤ እሳቸው ግን ከሁላችንም ቀድመው ሰሙት። ለእኛም ትንፍሽ ሳይሉ በሰኔ ፈተናቸውን ወስደው ወደ ሦስተኛ ዓመት አለፉ። የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። ስናለቅስም፣ “ስሞት ነጋዴ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሽንኩርቱን አገር ያውቀዋል። ተማሪ በሉኝ” ብለው አዘዙን። ርዕሱን ያነበባችሁ ሁሉ የኅትመት ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ወይዘሮ ጋዲሴ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እንደ ልጅ የሚያዩትን አስጠኚያቸውን ሱፊያንን ትተው ሄደዋል። ልታጽናኑን የመጣችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ጌታ ነፍሳቸውን በደጁ ሳያስቆም ያስገባልን። በር ላይ የሚጠይቃቸው ቢኖር ግን፣ በፈለገው ቋንቋ ይመልሱለታል። አሜን።