በማይሠራ ማጣሪያ ላይ ስለተሰቀለው ስሜ

ቀን፦ ሜይ 19 ቀን 2025

ለቺራንዱ ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምዕራብ ጃቫ

ጉዳዩ፦ ራንጋ ካንቻና የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የመጨረሻ ማጣሪያውን ዘግቶ የፖሊስተር ብናኝ ወደ ጅረታችን መልቀቁን፣ ይህንንም በእኔ ስምና ፊርማ መሸፈኑን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ ኤንግኩስ ሳስሚታ የ56 ዓመት ሰው፣ በትምህርቴ የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። በተጠቀሰው ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍልን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መርቻለሁ። የመጨረሻውን ማጣሪያ የነደፍኩትም፣ ያስገጠምኩትም፣ ለዘጠኝ ዓመት ያሠራሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

2. ፖሊስተር ሲቀለምና ሲታጠብ ከፀጉር የቀጠነ ክር ይረግፋል። ማይክሮፕላስቲክ የሚሉት ይኸው ነው። አብዛኛው በዝቃጭ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ያመለጠውን የሚይዘው የአሸዋና የብረት ወንፊት ማጣሪያው ብቻ ነው። በእኔ ጊዜ በአንድ ሊትር 2,100 ያህል ክር ገብቶ፣ የሚወጣው ከ60 አይበልጥም ነበር። ማጣሪያው በየአራት ሰዓቱ ራሱን ያጥባል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ያጓራል። መንደራችን ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ስለሆነ፣ የመንደሩ ሴቶች ሩዝ የሚጥዱት በዚያ ድምፅ ነበር።

3. ባለፈው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሥራ አስኪያጁ አቶ ሄንዳርሲን «ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይበላል» ብለው፣ ፍሳሹን በማጣሪያው ጎን የሚያሳልፍ ባለ ስድስት ኢንች ቧንቧ አስቀጠሉ። ስቃወማቸው በሠራተኛው ፊት «ዓሣው ክር ቢውጥ ሹራብ ሠርቶ ገበያችንን አይሻማን! አንተን ምን ቸገረህ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በፌብሩዋሪ 29 ሥራዬን በጽሑፍ ለቀቅሁ። ቁልፉን፣ መዝገቡንና የደንብ ልብሱን አስረከብኩ። ስሜን ግን ለማንም አላስረከብኩም።

4. ጅረቱ የመንደራችንን የዓሣ ኩሬዎች ሁሉ ይመግባል። ኢድ ሊገባ ሲል ጎረቤት ለጎረቤት በድርብ ምሳ ዕቃ ምግብ መላላኩን እርስዎም ያውቁታል። ዘንድሮ ባለቤቴ ኢካህ ከኩሬያችን ዓሣ አውጥታ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ አብስላ ለአራት ቤት ላከች። አራቱም ምሳ ዕቃዎች በማግስቱ ከነዓሣው ተመለሱ። ቅጠሉ እንኳ አልተፈታም። ኢካህ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸው እስኪመሽ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ኢሮህ ሄጄ «ምን አጠፋን?» አልኳት። «ኢንጂነር፣ አላውቅም ልትለኝ ነው? ቧንቧው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ‹ውሃው ንጹሕ ነው› ይላል፤ ከሥሩ ያንተ ስም አለ። እኔ ዓሣዬን ስቀድ ሆዱ ውስጥ የማገኘው ቀይ ክር ነው። የፈረምክበትን እንግዲህ አንተው ብላ፤ እኛ ቤት ሕፃናት አሉ» አለችኝ።

5. ሄጄ አነበብኩት። «ኃላፊ ኦፕሬተር፦ ኤንግኩስ ሳስሚታ» ይላል፤ የሙያ ፈቃድ ቁጥሬም አለበት። ኤፕሪል 8 ቀን ወደ መዝገብ ቤትዎ መጣሁ። እኔ ከለቀቅሁ በኋላ የገቡት አሥራ ሦስት ወርሃዊ ሪፖርቶች ሁሉ የእኔን ፊርማ ይዘዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የእርስዎ አይደለም እንዴ አባባ? ይኸው የፊርማዎ ጅራት ራሱ!» አለኝ። ጅራቱስ የእኔ ነው። ግን በአሥራ ሦስቱም ላይ በአንድ ቦታ ተቆርጧል። በእጁ የሚፈርም ሰው አሥራ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ይህ ከአንድ ወረቀት እየተቀዳ የተለጠፈ ነው። ሪፖርቶቹን የተቀበለ ሰው ከመካከላቸው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይበቃው ነበር።

6. በዚያው ቀን የውሃ ናሙና አስረክቤ ነበር። በኤፕሪል 14 በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ በሁለት ምክንያት ውድቅ አድርጋችሁታል።

የመጀመሪያው፣ ውሃውን ያጣራሁበት መረብ ናይለን፣ ሸሚዜም ፖሊስተር ስለነበረ ክሩ ከራሴ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ለወጣት ሠራተኞች ያስተማርኩትን ራሴ ዘንግቼ ተገኘሁ፤ ንዴት የሰውን እጅ ያቻኩላል። ጥፋቱን ተቀብያለሁ።

ሁለተኛው፣ «ለማይክሮፕላስቲክ የተቀመጠ ገደብ ስለሌለ ውሃው ደረጃውን ያሟላል» የሚል ነው። ይህንን አልቀበልም። የፋብሪካው የፍሳሽ ፈቃድ አንቀጽ 7 «የመጨረሻው ማጣሪያ ፍሳሽ በሚለቀቅበት ጊዜ ሁሉ ይሠራል» ይላል። አንቀጹን ከመሥሪያ ቤታችሁ ባለሙያ ጋር ተቀምጬ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ለማወቅ የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ አይደለም፤ ማጣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

7. ቢሆንም ናሙናውን እንደገና ወሰድኩ። የጥጥ ሽርጥና የጥጥ ሸሚዝ ለብሼ፣ በመስታወት ማሰሮና በብረት ወንፊት፣ ቧንቧው ጅረቱ ውስጥ ከሚፈስበት ቦታ፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 7 አራት ረቡዕ ተከታትዬ ቀዳሁ። ከትምህርት ቤት በተዋስኩት ማይክሮስኮፕ ቆጠርኩ። በአንድ ሊትር 2,150፣ 1,980፣ 2,310 እና 2,090 ክር ተገኘ። ከአየር የሚገባውን ለማወቅ ክፍት አድርጌ ባስቀመጥኩት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ደግሞ 3፣ 5፣ 2 እና 4። አብዛኛው ክር ቀይ ነው። ጁላይ ትምህርት ስለሚከፈት በዚህ ወቅት ፋብሪካው የሚያቀልመው ቀዩን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ደንብ ልብስ ነው። የእትዬ ኢሮህ የልጅ ልጅ የምትለብሰውና በአያቷ ዓሣ ሆድ የተገኘው ቀለም አንድ ነው።

8. ተቆጣጣሪዎቻችሁ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቀድመው ደውለው። ፓምፑ ከዓመት በላይ ዝም ካለ በኋላ ያጓራው በእነዚያ ሁለት ቀኖች ብቻ ነው። እትዬ ኢሮህ በአጥር በኩል «ኢንጂነር፣ ሩዝህን ጣድ፤ ተቆጣጣሪ መጥቷል!» ብላ ጮኸችብኝ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። የተሳቀው በእኔ ይመስልዎታል? ክቡር ሆይ፣ የተሳቀው በእርስዎ ነው።

9. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) ስሜና የሙያ ፈቃድ ቁጥሬ ከሰሌዳውና ከአሥራ ሦስቱ ሪፖርቶች እንዲሰረዝ፣ ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ወዲህ የፈረምኩት እኔ እንዳልሆንኩም በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ፤

ለ) ሳይደወል ተመጥቶ የጎን ቧንቧው እንዲታሸግ፣ ማጣሪያውም ሥራ እንዲጀምር፤

ሐ) ፊርማዬን ማን እንደለጠፈ ተጣርቶ ለሕግ እንዲቀርብ።

ደብዳቤውን በመንደሩ መስጊድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አርባ ዓመት የማውቃቸው ሰዎች መርዙን የፈረመላቸው እኔ እንዳልሆንኩ በራሳቸው ዓይን እስኪያነቡ ድረስ ኢካህ ለማንም ቤት ምግብ አትልክም።

10. ከዚህ አቤቱታ ጋር የፈቃዱን ቅጂ፣ የቆጠራ ሰንጠረዡንና ከተመለሱት ምሳ ዕቃዎች አንዱን አያይዣለሁ። ባለ አራት ድርብ ነው። በየድርቡ የአንድ ረቡዕ ክር በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለ፤ ቀኑ ተጽፎበታል። ልማዳችንን ያውቃሉ፤ የጎረቤት ምሳ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የተላከው እንዳለ ተመልሶ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነም ያውቃሉ። ስሜን ይመልሱበት።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

ኤንግኩስ ሳስሚታ
(ዛሬ፣ በገዛ እጄ የፈረምኩት)